ሁለተኛ ምስክር ያጣችው ጨረቃ

ከሚሴ ፊዚክስ ላስተምር የገባሁ ዕለት ርዕሰ መምህሩ አንድ ፓኮ ጠመኔ፣ ዳስተርና ምክር ሰጡኝ። ምክሩ «ከመጽሐፉ አትውጣ» የሚል ነበር። ጠመኔው ቶሎ አለቀ፤ ምክሩን ግን በየስብሰባው ያድሱልኝ ነበር።

ዓመታት ቆይቼ ከመጽሐፉ ወጣሁ። ስለ ሳተርን ጨረቃዎች ሳስተምር ሃይፐርዮን የምትባለውን አነሣሁ። ክብ አይደለችም፤ ድንች ትመስላለች። ገጿ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ነው። አብዛኛው አካሏ የውኃ በረዶ ሲሆን የጉድጓዶቿን ወለል ጥቁር አቧራ ሸፍኖታል። ውስጧ ክፍተት ስለበዛበት ውኃ ላይ ብትጣል ትንሳፈፋለች አልኳቸው። በከሚሴ ሙቀት ክፍሉን ደስ ያሰኘው በረዶው ብቻ ነበር።

ዘይነባ የምትባል ጎበዝ ተማሪዬ ወሬውን ቤቷ ወሰደችው። ከረመዳን በፊት ያለው ወር፣ ሻዕባን፣ እያለቀ ነበር፤ አባቷ ሼህ ይማም ደግሞ የረመዳን ጨረቃ መታየቷን ከሚመሰክሩት አንዱ ናቸው። ጠማማ ጨረቃ መኖሯን ሲሰሙ በማግስቱ መጡ።

ርዕሰ መምህሩ ወደ ጎን ሳብ አድርገው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ተረቱብኝ። ለአንድ ቀን ክብ ናት ብል ምን ይከብደኝ እንደሆነም ጠየቁኝ። ሼሁ ግን ቁርጡን ተናግረው ነበር፤ ውሸት የሚያስተምር ቤት ልጃቸውን አይልኩም። የዘይነባ ታላቅ እህት ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ ተድራለች። ፈራሁ።

«አካም ቡልቴ፣ መምህር» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አሉኝ ሼሁ። «ይቺ ጠማማ ጨረቃ ዱጋ ናት ውሸት? ማን አያት?»

«የጠፈር መንኮራኩር በአጠገቧ አልፎ ፎቶ አንሥቷታል።»

«ይኸ አንድ ምስክር ነው። ለጾም መያዣ አንድ ይበቃል፣ ለመፍቻ ሁለት ነው። ለልጄ ሁለት እሻለሁ።»

ከምድር በቴሌስኮፕ የሚያዩ ሰዎች ብርሃኗ ያለ ሥርዓት ሲደምቅና ሲፈዝ አይተው ቅርጿ ክብ አለመሆኑን እንደጠረጠሩ አስረዳሁ። መጠርጠር ምስክርነት አይደለም አሉኝ።

«አንተስ አይተሃታል?»

ርዕሰ መምህሩ ከሼሁ ጀርባ ሆነው «አዎ በል» የሚል ምልክት በጭንቅላታቸው ሰጡኝ።

«አላየኋትም» አልኩ።

ሼሁ «እንግዲያ ልጅቷ ትማር፤ ጨረቃዋ ሁለተኛ ምስክር እስኪገኝ ትቆይ» ብለው ወደ መስጊድ ሄዱ።

ዘይነባ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች። ርዕሰ መምህሩ ግን ወላጅ ፊት ትምህርት ቤቱን አሳንሰሃል ብለው ከግምገማዬ ነጥብ ቀነሱ። አላየሁም ማለት ነጥብ ያስቀንሳል፤ ተማሪ ግን አያስቀንስም።