ያልረገጠኝ ፈረስ

መጀመሪያ ድምፅ ሰማሁ። ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ወዲያው ከቀኝ ተረከዜ ከፍ ብሎ፣ ከኋላ በኩል፣ አንድ ነገር በኃይል መታኝ። ሕመሙ ያን ያህል አልነበረም። እግሬ ግን አልታዘዝ አለኝ። መሬት ላይ በመቀመጫዬ ዘጭ አልኩ።

ይህ የሆነው ከጥሊሊ ወጣ ብሎ ባለው የባለቤቴ የይታይሽ የትውልድ መንደር፣ በጥር ሠርግ ላይ ነው። የሚዳሩት የይታይሽ ታላቅ ወንድም፣ አያ ደሳለኝ፣ ልጃቸውን ነበር። በዚያ አገር ሠርግ ያለ ፈረስ ሠርግ አይባልም። ሙሽራዋን የሚሸኙት ፈረሰኞች ተሰልፈው ቆመዋል። አያ ደሳለኝ እኔን ለማክበር የራሳቸውን ፈረስ፣ ዳማውን፣ አስጭነው፣ ልጓሙን በገዛ እጃቸው ይዘው፣ “ውጣ እንግዲህ መምህር” አሉኝ። መውጫ የሚሆን ድንጋይ ደጃፉ ላይ ነበረ፤ በአገጫቸው ወደዚያ አመለከቱኝ። ድንጋዩን አልፈልግም አልኩ። ሃምሳን ተሻግሬያለሁ፤ ፈረስ ላይ የምወጣበት ጎረምሳነቴ አልፎኛል። ግን ብዙ ሰው እያየኝ ነበር። ግራ እግሬን እርካብ ላይ አድርጌ፣ በቀኙ መሬቱን ገፍቼ ልነሳ ስል ነው ያ ድምፅ የተሰማው።

“ረገጠኝ” አልኩ።

ይታይሽ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ጎንበስ ብላ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ “ፈረሱ እኮ ከፊትህ ነው ያለው” አለችኝ። 

“ረገጠኝ አልኩሽ” አልኳት፣ ለሠርገኛው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ።

አያ ደሳለኝ ዳማውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ኮርቻውን አስወርደው ፈረሱን ወደ ጓሮ አስወሰዱት። ሰዉ በአዊኛ ተነጋገረ። እኔ ከአዊኛ የማውቀው ሰላምታና ገበያ ላይ የሚያስፈልገውን ያህል ስለሆነ ምን እንደተባባሉ አልገባኝም። አንዲት አሮጊት ግን እኔም እንድሰማ ብለው ይመስለኛል፣ በአማርኛ “ይኸ ፈረስ እንዲህ ያለ ልማድ አልነበረውም” አሉ።

አንባቢዬ፣ ምናልባት አንተም ዛሬ አንድ እግርህን ትራስ ላይ ሰቅለህ፣ “ልሂድ ወይስ ይቅር” እያልክ ከሆነ የምታነበው፣ ለምን ያን እንዳልኩ ልንገርህ። የመታኝ ነገር ስለመኖሩ ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረኝም፤ ያን ያህሉ ውሸት አይደለም። ይታይሽ ስትነግረኝ ግን ቀና ብዬ አይቻለሁ። የፈረሱ ኮቴ እኔ ጋ ሊደርስ በማይችልበት ቦታ ነበር። አይቼ ነው እንዳላየሁ የሆንኩት። ፈረስ የረገጠው ሰው ተጎጂ ነው፤ ይታዘንለታል። ፈረስ ላይ ሊወጣ ሲል እግሩ የከዳው ሰው ግን ያረጀ ነው። ከሁለቱ አንዱን በፍጥነት መምረጥ ነበረብኝ።

ምርጫዬ ያስከተለውን አላሰብኩበትም። አያ ደሳለኝ ፈረሳቸው ሰው ከጎዳ ሰውየው እስኪሻለው ቤታቸው ማስታመም ግዴታዬ ነው የሚሉ ሰው ናቸው። ስለዚህ በሐሰት በከሰስኩት ፈረስ ጌታ ቤት፣ እሳቸው በለቀቁልኝ አልጋ ላይ ተኛሁ። ወጌሻ አስመጡልኝ። ወጌሻው አጥንቴን ዳስሶ ስብራት የለም አለ፤ ልክ ነበር። ከዚያ በቅቤ አሽቶ ጠበቅ አድርጎ አሰረልኝ። በእሱ አልፈርድም። ፈረስ ረገጠኝ ብዬዋለሁ፤ እሱም የነገርኩትን አከመ።

ጠያቂው ብዙ ነበር። እያንዳንዱ የራሱን የርግጫ ታሪክ ይዞ ይመጣል። አንዱ ጎረቤት፣ “እኔን የአማቴ በቅሎ ረግጣኝ፣ እዚያው ስታመም ነው ልጃቸውን ያገኘሁ። አንተ እንደሆን አግብተሃል፤ ምን ልታገኝ ነው የተኛኸው? ተነስ” አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ይታይሽ አልሳቀችም።

ሐኪም ቤት የሚለው ሐሳብ እዚያ ቤት ሳለሁ አንዴ ተነስቶ ነበር። እኔ ነኝ የመለስኩት። እንዲህ ያስታመሙኝን ሰው ትቼ ሐኪም ቤት ብሮጥ ቅር ይላቸዋል፣ ክስ ላቀርብም ሊመስላቸው ይችላል አልኩ። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ስትፈልገው ጥሩ መደበቂያ ይሆናል።

ምልክቶቹን በትክክል ልጻፍ፤ ለአንዳንዱ ሰው ይጠቅሙ ይሆናል። ቁርጭምጭሚቴ አበጠ። ከኋላ የጠቆረው ደም ቀስ በቀስ ወደ ተረከዜ ወረደ። ከተረከዜ በላይ፣ ወፍራሙ ጅማት በሚገኝበት ቦታ፣ ጣት የሚያስገባ ስርጉድ ነገር ነበር። እብጠቱ ሲቀንስ ግን መራመድ ቻልኩ። እያነከስኩ፣ እግሬን እንደ ጣውላ እያሳረፍኩ፣ ግን ቻልኩ። ያታለለኝም ይህ ነው። የሚራመድ ሰው ምን ሆነና ሐኪም ቤት ይሄዳል?

በሚኒባስ ወደ መኖሪያችን ዳንግላ ተመለስን። እኔ ከማስተማር ሥራዬ ከወጣሁ ጀምሮ በጽሑፍ የምተዳደር፣ ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር መቃወም የሚወድ ሰው ነኝ። ትንሽ ባመማቸው ቁጥር ሐኪም ቤት ስለሚሮጡ ሰዎች የጻፍኩት አንድ ጽሑፍ በከተማው ብዙ ተነቦልኛል። ያንን ጽሑፍ ያነበቡ ሰዎች ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ተሰልፌ ሲያዩኝ ይታየኝ ነበር። በዚያ ላይ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ሁኔታ አለ። አካባቢያችን ሰላም ካጣ ወዲህ መንገድ አንዳንዴ ይዘጋል። መንገዱ ክፍት በሆነባቸው ቀናት ሁሉ እኔ ዝግ ነው እል ነበር። ከዚያ ደግሞ ጾም ገባ፤ ከፋሲካ በኋላ ይሁን አልኩ። ጾምና ቁርጭምጭሚት ምን እንዳገናኛቸው ማንም አልጠየቀኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይታይሽ መጽሐፍ መደርደሪያዬ ፊት ቆማ፣ “እስቲ ከላይኛው ረድፍ ያንን ወፍራሙን አውርድልኝ” አለችኝ።

“ምን ልታደርጊበት?”

“በሩን ላስደግፍበት፤ ነፋስ እየመታው አስቸገረኝ።”

ተከፍቼ ተነሳሁ። እጄን ዘረጋሁ። ለመንጠራራት በጣቶቼ ስቆም የግራ ተረከዜ ተነሳ። የቀኙ አልተነሳም። እንደገና ሞከርኩ። አልተነሳም። የተሰፋ ይመስል ከወለሉ ጋር ቀረ።

“ደንዝዞኝ ነው” አልኳት።

መጽሐፉን ለበሩ እንዳልፈለገችው፣ እግሬን ልትፈትን እንደነበረ ያኔ ገባኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና፣ “አንተ ሰውዬ” አለች፣ “ፈረሱ ረግጦሃል ብዬ እምልልሃለሁ። ለሐኪሙም እምላለሁ፣ ለወንድሜም እምላለሁ። ብቻ ሐኪም ቤት እንሂድ።”

ስትምል ሰምቻት አላውቅም። በእውነት ነገር እንኳ አትምልም። አሁን የእኔን እግር ለማዳን በወንድሟ ፈረስ ላይ በሐሰት ልትምል ነው። አንገቴን ደፋሁ። ባጃጅ ጥሪ አልኳት።

ዳንግላ ራጅ ተነሳሁ። አጥንቱ ደህና ነበር። ያየኝ ሐኪም ግን ከተረከዜ በላይ በጣቱ ዳሰሰኝና፣ ጊዜ አታጥፋ ብሎ ባሕር ዳር ወዳለ የአጥንት ስፔሻሊስት ላከኝ። ስፔሻሊስቷ ብዙ አላወራችም። “በሆድዎ ይተኙ፤ እግርዎ ከአልጋው ጫፍ ይውጣ” አለችኝ። የግራ ባቴን ጨመቀች። የእግሬ መዳፍ ወደ ታች ተንቀሳቀሰ። የቀኙን ጨመቀች።

ምንም።

እንደገና ጨመቀች። ምንም። እኔ ስለተደፋሁ አላይም፤ ይታይሽን “አዩት?” ስትላት ሰማሁ። ይታይሽ “አየሁ” አለች።

“አኪለስ ቴንደን የምንለው፣ ባትን ከተረከዝ የሚያገናኘው ጅማት ነው። ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል። ሲበጠስ ምን ተሰማዎት?”

“ፈረስ ረገጠኝ።”

“ፈረሱ የት ነበር?”

ይታይሽ ለመማል አፏን ልትከፍት እንደሆነ አወቅሁ። ቀደምኳት።

“ከፊቴ” አልኩ።

ሐኪሟ አልሳቀችም። “ብዙ ሰው እንደዚህ ይላል” አለች። “ድንጋይ ተወረወረብኝ የሚል አለ። ኳስ ሜዳ ላይ ዞሮ ጓደኛውን በቦክስ የመታም አክሜያለሁ። ስሜቱ እውነት ነው፤ መቺው ነው የሌለው። ያኔውኑ ቢመጡ በጄሶ ብቻ ሊድን ይችል ነበር። አሁን ጫፎቹ ተራርቀዋል፤ ኦፕሬሽን ያስፈልጋል።” መታሸቱም እንደማይበጅ ነገረችኝ። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን የተቅማጥ መድኃኒት በቅርቡ ወስጄ እንደሆነም ጠየቀችኝ፤ ጅማት ሊያደክም ይችላል አለች። እኔ አልወሰድኩም። በራሳችሁ ፈቃድ ከመድኃኒት ቤት እየገዛችሁ የምትውጡ ግን ይህን ያዙ። አልትራሳውንዱ ያለችውን አረጋገጠ።

ከክፍሉ እንደወጣሁ አያ ደሳለኝ ጋ ደወልኩ። መንደራቸው ኔትወርክ የሚገኘው ተራራው ላይ ሲወጡ ነው፤ የሚገኘውም እየተቆራረጠ። “ዳማው አልረገጠኝም” አልኩ። አልሰማሁም አሉ። ደገምኩ። አልሰማሁም። ኮሪደሩ ሙሉ ሕመምተኛ ተቀምጧል። ድምፄን የቻልኩትን ያህል ከፍ አድርጌ፣ “ዳማው አልረገጠኝም፤ እኔ ነኝ የዋሸሁ” አልኩ። በክራንች የቆመ አንድ ሰው ዞሮ አይቶኝ፣ “እሰይ፤ እንኳንም አልረገጠህ” አለኝ።

አያ ደሳለኝ “አውቃለሁ” አሉ።

“እንዴት አወቁ?”

“ልጓሙን የያዝሁት እኔ አይደለሁ? ፈረሱ መቼ ንቅንቅ አለ?”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉ?”

“በልጄ ሠርግ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ አማቼን ዋሾ ልበል?” አሉ። ከዚያም፣ “እግርህሳ? ምን አሉህ?” ብለው ጠየቁኝ።

ኦፕሬሽን ያስፈልጋል አሉኝ አልኳቸው። ከሠርጉ ወዲህ ዳማውን ለአንድም ሠርግ እንዳላወጡት ኋላ ከይታይሽ ሰማሁ። ተራጋጭ ነው ተብሎ ልጆች እንዳይጠጉት ይከለከሉ ነበር። እሳቸው ክብሬን ጠበቁልኝ፣ እኔ እውነቱን ዋጥኩ፣ በመካከል ጅማቴ በየቀኑ ወደ ላይ እየተሰበሰበ ሄደ። ጨዋነት የተሞላበት ጥፋት ነበር።

ኦፕሬሽኑ የተሠራው ከወገቤ በታች አደንዝዘውኝ ነው። ሐኪሞቹ ስለ ትራንስፖርት ሲጨዋወቱ እየሰማሁ ተኛሁ፤ ክፍተቱን የሞሉት ከዚያው ከራሴ እግር በወሰዱት ጅማት ነው። ከዚያ እግሬ ጣቶቹ ወደ ታች እንደተዘረጉ በጄሶ ታሰረ፤ ደም እንዳይረጋ መርፌ ታዘዘልኝ፤ ይታይሽም ሰውነቴን በምታጥበኝ ጊዜ ጄሶው ውኃ እንዳይነካው በፌስታል እየጠቀለለች፣ እኔ ደግሞ ጣራ ጣራ እያየሁ፣ ክረምቱን ገፋነው። ጄሶው ሲወልቅ ባቴ የሌላ ሰው ባት ሆኖ ቀጥኖ ጠበቀኝ። ፊዚዮቴራፒ ከውጭ ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ላስቲክ በእግር መሳብ፣ ግድግዳ ይዞ በሁለት እግር ጣት መቆም፣ ቀስ ብሎ ክብደትን ወደ ታመመው ማዛወር፤ ሲሠሩት ግን ላብ ያስወጣል፣ በተለይ ተስፋ የሚያስቆርጠው ትናንት የተቻለው ዛሬ እምቢ ሲል ነው። ክራንቹን ከመጣሌ በፊት ወደ ጥሊሊ ሄጄ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዎች በተሰበሰቡበት፣ ፈረሱ እንዳልረገጠኝ ተናገርኩ። ያ በበቅሎ ርግጫ ሚስት ያገኘው ሰው “እኛማ ድሮ አውቀናል፤ አንተ እስክታውቅ ነው የጠበቅን” አለኝ። የዚያን ቀን የተሰማኝን እፍረት ከኦፕሬሽኑ ሕመም ጋር ብለውጠው ደስ ይለኝ ነበር።

ዛሬ እራመዳለሁ። ደረጃ ስወርድ ትንሽ አነክሳለሁ፤ በቀኝ እግሬ ጣት ብቻ ለመቆም አሁንም ይቸግረኛል፤ ምናልባት እንደዚሁ ይቀር ይሆናል። ላከሙኝ ሐኪሞች፣ ላስታመሙኝ አያ ደሳለኝ፣ ከሁሉ በላይ ልትምልልኝ ለተዘጋጀችው ለይታይሽ ምስጋናዬ በጽሑፍ የሚያልቅ አይደለም። እናንተን የምመክረው አጭር ነው። ከተረከዛችሁ በላይ አንድ ነገር የመታችሁ ከመሰላችሁ፣ ዞራችሁ ስታዩ መቺ ካጣችሁ፣ መራመድ መቻላችሁን አትመኑት። በሆዳችሁ ተኙና ሰው ባታችሁን ይጨምቅላችሁ። የእግራችሁ መዳፍ ካልተንቀሳቀሰ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። ቢንቀሳቀስም ጥርጣሬ ካላችሁ ሂዱ። እንዴት እንደተጎዳችሁ ስትጠየቁ የሆነውን ተናገሩ፤ ካርዱ ላይ የሚጻፈውን ሐኪሙ እንጂ ጎረቤት አያነበውም።

ባለፈው ዓመት አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ መረብ ኳስ ሲጫወት ከኋላ እንደተመታ ነገረኝ። እያነከሰ ነበር። ምንጣፍ ላይ በሆዱ አስተኛሁትና ባቱን ጨመቅኩ። የእግሩ መዳፍ አልተንቀሳቀሰም። የፈተና ወቅት ነው፣ ፈተናው ሲያልቅ እሄዳለሁ፣ ተማሪዎቼስ ምን ይሉኛል አለኝ። አልተከራከርኩትም። ባጃጅ አስቆምኩ፣ ሚስቱ ጋ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ ሰፈርተኛው ወጥቶ እያየው ደግፌ አስገባሁት። ሰው ፊት አዋረድከኝ ብሎ ተቀይሞኛል፤ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። ጠዋት ጠዋት በመስኮቴ በኩል ወደ ትምህርት ቤት ሲያልፍ አየዋለሁ። ፊቱን ያዞራል። እኔ ተረከዙን ነው የማየው። ይነሳል።