ሳይነካ የተመለሰው ምሳ

እትዬ አዲስአለም የባልትና አስተማሪ ነበሩ። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ በነበረው ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ነበራቸው። እኔ ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ ምግብ አብሳያቸው ነበርኩ። ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ስለሆነ ማንበብ ብችልም ቀስ ብዬ ነው።

ሳሎኑ ውስጥ ዐሥራ አንድ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ተደርድረው ነበር። ገሚሱ የታተመ፣ ገሚሱ በታይፕ ተመትቶ የተሰፋ፣ ሁለቱ ደግሞ በእጃቸው የጻፏቸው ደብተሮች ናቸው። ባለቤታቸው ጋሼ ዕዝራ በዚህ ይተርቧቸው ነበር።

«ይሄ ሁሉ መጽሐፍ ተደርድሮ እኛ ዛሬም ምስር!»

«ጡረታ ስወጣ ሁሉንም ሠርቼ አበላሃለሁ» ይሏቸዋል።

በ1971 ዓ.ም. የእነሱ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ታሸገ። ጋሼ ዕዝራ ቤታቸው ሰው ሰብስበው ጸልየዋል ተብሎ አንድ ሐሙስ ከሥራ ቦታቸው ተወስደው ታሰሩ። ደብዳቤ አይገባም፣ ጥየቃም የለም። የሚገባው ምግብ ብቻ ነው። ጠዋት ምሳ ዕቃውን ለዘበኛው ሰጥቼ ከሰዓት ባዶውን እቀበላለሁ። ባዶ ከመጣ ጋሼ አሉ ማለት ነው፤ ከዚያ በቀር ስለ እሳቸው የሚነግረን አልነበረም።

ትንሽ ቀን እንዳለፈ እትዬ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ይዘው ወጥ ቤት ገቡ።

«ትብለጽ፣ ከእንግዲህ በተራ ነው የምንሠራው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን አንድም አንዘልም።»

«ዐሥራ አንዱም ቢያልቅስ እትዬ?»

«ሳያልቅ ይወጣል።»

ነገር እንደተመኙት እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ግን መጽሐፉን ተቀበልኳቸው። ሰው የሚይዘው ነገር ካገኘ ደግ ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ የአትክልትና የእህል ነበር። ዘይቱም ስኳሩም ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን ስለሆነ ግማሹን እየቀነስን እንሠራለን። መጽሐፉ «ምድጃ ውስጥ ይጋገር» ሲል ምድጃ ስለሌለን ድስቱን ከድነን ክዳኑ ላይ ፍም እንደረድራለን። ድንችም ሆነ ዱባ፣ በሶም ሆነ ጎመን የሄደው ሁሉ ተጠርጎ ተበልቶ ይመለስ ነበር።

ሁለተኛው መጽሐፍ የሥጋ ነበር። ሰኞ ጀመርነው። ከሰዓት ምሳ ዕቃውን ስቀበል እጄ ላይ ከበደኝ። ከፍቼ ባየው አልተነካም። ጠዋት ዘበኛው ወረቀት ተደብቆበት ይሆናል ብሎ በእንጨት ያገላበጠው እንጀራና ወጥ እንዳለ ነው።

«ወንድሜ፣ ለምን አልበሉም?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ተቀበይና ሂጂ።»

ማክሰኞም እንዲሁ ሙሉውን ተመለሰ። ግቢው ውስጥ ልብስ የሚያሰጡት ሴቶች ምሳ ዕቃውን እንዴት እንደያዝኩት አይተው ወሬያቸውን አቆሙ። ሳይበላ የተመለሰ ስንቅ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ የማያውቅ አልነበረም። እትዬ አላለቀሱም። መጽሐፉን ዘግተው፣ «ነገ አትሥሪ» አሉኝ።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። እነሱ ጴንጤ ስለሆኑ ረቡዕና ዓርብ አይጾሙም፤ እኔ ግን በጾም ቀን ሥጋ አልነካም። እትዬ ተኝተው ሳለ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ዱባውን ደግሜ ሠራሁና ሳልነግራቸው ይዤ ሄድኩ። ከሰዓት ምሳ ዕቃው ቀልሎ ተመለሰ። ስከፍተው ባዶ ነው። ከዚያ እስከ ቤት ድረስ እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም።

እትዬ ባዶውን ዕቃ ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ጋሼ ታስረው ኦርቶዶክስ ሆኑ እንዴ?» አልኳቸው። ከታሰሩ ወዲህ ያኔ ነው መጀመሪያ የሳቁት።

«ሰኞና ማክሰኞ ምን ጾም አለ ብለሽ ነው?»

ጎረቤታችን ሰዓዳ ሳቁን ሰምታ ገባች። የወሎ ሰው ናት፤ ፒያሳ ጨርቅ ትሸጣለች። ነገሩን ስንነግራት ራሷን ያዘች።

«አዬ እናንተ! አስተማሪ ሆነሽ ይሄ ይጠፋሻል አዲስዬ? አብሮት የታሰረ እስላም አለ። የክርስቲያን ሥጋ እንዴት አድርጎ ይብላ? ዕዝራ ደግሞ ሰው አስቀምጦ ብቻውን አይጎርስም። ባይሆን ሳይነካ መልሶ ነገረሽ።»

«ታዲያ የሥጋውን መጽሐፍ ልተወው?»

«ለምን ትተይዋለሽ? ሥጋውን ከኛ ሥጋ ቤት አመጣለሁ። ድስቱም ቢላዋውም የኔ ይሁን።»

ሐሙስ በማለዳ ሁሉንም አምጥታ ወደ ሱቋ ሄደች። እኔ በዕድሜዬ የእስላም ሥጋ ነክቼ አላውቅም። ንስሐ አባቴን ምን እንደምላቸው እያሰብኩ ከነአጥንቱ ቆራረጥኩት፣ ቁሌቱንም አበሰልኩት፤ ጨው ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ።

«እትዬ፣ እኔ አልቀምሰውም። ሳልቀምስ ደግሞ አይሆንልኝም።»

እሳቸው በልጅነታቸው እንደኔው ያደጉ ናቸው፤ ጴንጤ የሆኑት ከጋሼ ጋር ከተጋቡ በኋላ ነው። ማንኪያውን አንስተው ትንሽ ቆሙ።

«ጋሼስ ይበሉታል ይላሉ?» አልኩ።

«ሰውየው ባይበላ ያልበላ፣ ሰውየው ሲበላ ይበላል።»

መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

«ጨው ይቀረዋል» አሉ።

የዚያን ዕለት ምሳ ዕቃው ሲመለስ አልከፈትኩትም፤ እንደታሰረ ሰጠኋቸው። በላይኛው ዕቃ ውስጥ የተጋጠ አጥንት አለ፤ በታችኛውም ሌላ የተጋጠ አጥንት። ሁለት ሰው በልቶ ነበር።

የሥጋው መጽሐፍ እስኪያልቅ የሰዓዳ ድስት እኛ ቤት ከረመ። እትዬ ይቀምሳሉ፣ እኔ እሠራለሁ። ስለ ጾሙም ስለ ሥጋውም ከተጣላነው ይልቅ ዝም የተባባልነው ይበዛል።

ጋሼ ዕዝራ የተፈቱት ስድስተኛውን መጽሐፍ በጨረስንበት ዕለት ነው። ከስተዋል፣ የፊት ጥርሳቸውም የለም። አብሯቸው ስለበላው ሰው የነገሩን ያኔ ነው። ኡመር ይባላል፤ አገሩ ደሴ አካባቢ ነው፣ አዲስ አበባ ምንም ዘመድ የለውም። እሱ አልተፈታም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ገና ተኝተው ሳለ እትዬ ሰባተኛውን መጽሐፍና ምሳ ዕቃውን ይዘው ወጥ ቤት ገቡ። እኔም ድስት ልዋስ ወደ ሰዓዳ ሄድኩ።