ከአባት በኩል

ወንድሜ ሪዴፕ የሚፈራው ነገር አልነበረም፤ ማዕበልም ቢሆን። በእኛ በፓላው ደሴቶች ልጅ የእናቱ ቤት ወገን ነው፤ መሬቱም ስሙም ከእሷ ይመጣል። ታላቅ ወንድማችን ኬሶሌይ በጎረምሳነቱ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ሲጀምር፣ የእናታችንም ወንድም እንደዚያው ሆኖ ስለነበር፣ መንደሩ በሽታውን የእኛ ቤት በሽታ አለው። ስለዚህ ፍርሃቱ ለሴቷ ልጅ ለእኔ ደረሰኝ። ልጆቼ ብቻቸውን በሳቁ ቁጥር በምን እንደሳቁ እጠይቃቸው ነበር።

«እትዬ፣ ፍርሃቱን ለአንቺ ትቼልሻለሁ» ይለኛል ሪዴፕ፣ ከሚያኝከው የዘንባባ ፍሬ ጋር የሚደባለቀው ኖራ የነካውን ከንፈሩን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። «የእኔ ልጆች የሰው ቤት ናቸው።»

አንድ ጊዜ ከኮሮር ከተማ የመጣች ነርስ የዘር ሐረጋችንን ስትስል ከእሱም ወደ ልጆቹ መስመር ሳበች።

«ሲስተር፣ ተሳስተሻል፤ እዚህ ልጅ የእናቱ ነው» አላት።

«መሬቱ የእናቱ ይሁን» አለችው። «አንጎል መልእክቱን የሚያመላልስበትን መንገድ ግን ልጅ ከሁለታችሁም ይወርሳል። ብዙ ትንንሽ ነገር ተደራርቦ ነው በሽታ የሚሆነው፤ አብዛኛው ልጅ ደህና ይሆናል።»

ሪዴፕ የያዘው የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነው።

የእኔ ልጆች አድገው ትዳር ያዙ፤ ደህና ናቸው። ዘንድሮ ግን የሪዴፕ ልጅ ጀሮም ከአባቱ ጋር ባሕር መውጣት ተወ። ምግቡን እያሸተተ ይመልሳል። የእናቱ ዘመዶች መጥተው አዩትና «በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይታወቅም» ብለው ሄዱ። ያን ቀን ሪዴፕ ልጁን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። ሲቀመጥም የልጁን ክንድ እንደያዘ ነበር። እኔም ክፉኛ ፈራሁ። ያን ሁሉ ዓመት የእኔን በር ስጠብቅ በሽታው በእሱ በር ገባ።

«አባዬ፣ ያን ሬዲዮ አጥፋልኝ» አለ ጀሮም።

መደርደሪያዬ ላይ ያለው ሬዲዮ ግን ቀድሞውንም አልተከፈተም ነበር። ሪዴፕ ማጥፊያውን ደጋግሞ አዞረው፤ ልጁ ጆሮውን እንደያዘ ነው። በመጨረሻ ባትሪዎቹን አውጥቶ በመዳፉ አሳየው።

«ይኸው፣ ልጄ።»

«አሁንም ያወራል።»

አብሮኝ የሚኖረው ኬሶሌይ ጥግ ላይ ጎደሬ ይልጥ ነበር። ቢላዋውን አስቀምጦ ልጁ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ።

«ስንት ናቸው?» አለው፣ ስላጠመደው ዓሣ እንደሚጠይቅ ሁሉ።

ጀሮም ቀና ብሎ አየው። እስከዚያ ቀን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። «ሁለት። አንዷ ሴት ናት።»

«ትሳደባለች?»

«በጣም።»

«የእኔዋም ባለጌ ናት። መርፌ ስወጋ ግን ታጉረመርማለች እንጂ አትጮህም።»

«ይተዉኛል፣ አጎቴ?»

ኬሶሌይ ውሸት አይችልበትም። «እኔን አልተዉኝም። አንተን እንጃ። እኔ ስንት ዓመት ደብቄ ነው፤ አንተ ቶሎ ተናግረሃል። ነገ የመርፌዬ ቀን ነው፤ አብረን እንሂድ።»

ኬሶሌይ ጤና ኬላ የሚሄደው በእግሩ ነው። ሪዴፕ ከእሱ ጋር ሰው እንዳያየው ሲል አንድም ቀን በጀልባው ጭኖት አያውቅም።

«እኔ አደርሳችኋለሁ» አለ ሪዴፕ፣ ባትሪዎቹን እንደጨበጠ።

«ከፊት ነው የምቀመጠው» አለ ኬሶሌይ።

«ተቀመጥ፣ ጋሼ። ብቻ ልጄን ያዝልኝ።»