ለሞሪታ ምን ተብሎ ይለቀስ

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ልጃቸው ወዳለበት ለንደን መጥተው ስቶክዌል ሲኖሩ፣ በር ለበር የሚጎራበታቸው ጃፓኑ ሞሪታ ነበር። አንድ እግሩን ሳብ የሚያደርግ ሽማግሌ። ቋንቋ አላገናኛቸውም። ጠዋት ሲገናኙ እሱ ጎንበስ ይላል፣ እሳቸውም ጎንበስ ይላሉ። ቀድሞ ቀና ማለት በሁለቱም አገር ነውር ነውና፣ እንዲያው እንዳጎነበሱ ይቆያሉ።

አንድ ክረምት ሞተ። ዘመድ ስላልተገኘ ካውንስሉ፣ የሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት፣ ይሸኘዋል ተባለ።

«ብቻውን? አልቃሽ የሌለው ሬሳማ አይሆንም» አሉና ባተርሲ ያለችውን ባልንጀራቸውን እታፈራሁን ጠሩ። እሷ ሙሾ ስታወርድ ድንጋይ ታስለቅሳለች።

«እሺ፣ በምን ላንሳው?» አለች እታፈራሁ። «የሟች ሥራ ካልተነገረ እኮ ለቅሶ አይደለም፣ ጩኸት ነው።»

የልጅ ልጃቸው ሳባ ስሙን በስልኳ ፈለገች።

«እማማ፣ ፉትቦለር ነበር። ለጃፓን ተጫውቷል፣ ሪሊ።»

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ደረታቸውን ያዙ። «ዝነኛ ነበራ?»

«በጃፓንኛ ረጅም ጽሑፍ አለ። በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ናት። እዚህ ማንም አያውቀውም።»

«ስንት ጎል አገባ?» አለች እታፈራሁ።

«ምንም። ተከላካይ ነው።»

«ምንም ሳያገባ ነው ያን ሁሉ የጻፉለት?»

«ሌሎቹ እንዳያገቡ መከልከል ነው ሥራው።»

«ዘበኛ በይኛ። እሱማ ይገጠማል።»

በቀብሩ ቀን ሦስቱም ጥቁር ለብሰው፣ የነጠላቸውን ጥለት ወደ አንገታቸው አዙረው ሄዱ። የወይዘሮ ጥሩብርሃን ሐሳብ አፈር ሊያለብሱት ነበር። ጉድጓድ ግን የለም። አዳራሽ፣ መጋረጃ፣ አንድ የካውንስል ሰው። እታፈራሁ ጉሮሮዋን ስትጠርግ መጋረጃው በሬሳ ሳጥኑ ላይ ተዘጋ።

«መቃብሩ የታለ?»

ሳባ አቀረቀረች። «እማማ፣ ይቃጠላል እኮ። የሚያውቁ መስሎኝ።»

ሰውዬው በትህትና የጎን በር ከፈተላቸው፤ ሌላ ባለሬሳ ይጠብቅ ነበር።

ውጪ የራሳቸውን ሬሳ የሚጠብቁ እንግሊዞች ሞልተዋል። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ግድግዳውን ተደግፈው ደረታቸውን መቱ። «በይ እንግዲህ እታፈራሁ። ሳይለቀስለት አይሄድም።»

ስንቱን የመለሰ የሜዳው ዘበኛ፣
ሞት ሲመጣበት ግን ምነው ዛሬ ተኛ።

ሕዝቡ ዞሮ አያቸው። አንድ ሽማግሌ ወደ ሳባ ተጠግቶ ማን እንደሞተ ጠየቃት።

«የጃፓን ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች» አለችው።

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። አጠገቡ ያሉትም አይተው አወለቁ። ወይዘሮ ጥሩብርሃን በእንባቸው መሐል ይኼን አዩና እንዲሰሙት ስሙን ጮክ ብለው ጠሩ፤ ሞሪታ፣ ሞሪታዬ እያሉ።

ወዲያው የእንግሊዞቹን ሬሳ የጫነው መኪና በበሩ ገባ። ሕዝቡ ፊቱን አዞረ። ባርኔጣው እንደተወለቀ ነው፤ አሁን ግን ለሌላ ሰው ሆነ። እታፈራሁ ገና ሌላ ስንኝ ልታወጣ ስትል፣ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ትከሻዋን ያዝ አደረጓት።

«ይብቃሽ እኅቴ» አሉ። «ወደ ሬሳቸው ሄደዋል።»