ማመልከቻዬ ላይ የሞተው አባቴ

ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴን ከተቀበልሁ በኋላ ሁለት ወር ያህል ሥራ ፈትቼ አክስቴ ቤት ተቀመጥሁ። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እኅት ናት። ቤቷ ከቀሐ ወንዝ ማዶ ነበር፤ ጎንደር ስማር የኖርሁትም እሷ ዘንድ ነው። ወላጆቼ ወገራ ውስጥ ዳባት አጠገብ የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። እስከዚያ ድረስ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮብኛል፤ ሁለቱንም አባቴ “ትምህርቷን ትጨርስ” ብሎ መልሷቸዋል። አሁን ግን ትምህርቱ አልቋል። ሦስተኛው ሽማግሌ ሲመጣ አባቴ የሚሰጠው ምክንያት እንደሌለው አውቀዋለሁ።

ጊዜው የአርባዎቹ ዓመታት መጨረሻ ነው። አንድ ቀን አክስቴን ዓይኗን ለማሳየት ሐኪም ቤት ወሰድኋትና ተራ ስንጠብቅ በሩ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አየሁ። ለካርድ ክፍል አንድ ጸሐፊ ይፈለጋል ይላል። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ፣ ጽሕፈቱ የሚነበብ፣ የሥራ ልምድ ያለው፣ ዋስ ማቅረብ የሚችል። አመልካቹ ማመልከቻውን ከአጭር የሕይወት ታሪኩ ጋር እንዲያቀርብ ያዝዛል።

ለአክስቴ አነበብሁላት። እስከ ዋሱ ድረስ ሰማችኝ።

“የሕይወት ታሪክ?” አለች። “አንቺ ገና መቼ ኖርሽና ነው?”

“አጭር ነው የሚለው።”

“አጭርም ቢሆን። እኔ የማውቀው ገድል የሚጻፍለት ለጻድቅ ነው።”

እኔም ከእሷ የተሻለ አላውቅም ነበር። ትምህርት ቤት ደብዳቤ አጻጻፍ ተምረናል፤ ስለራስ መጻፍ ግን ማንም አላስተማረን። ያም ሆኖ ከደብተሬ መካከል ንጹሕ ወረቀት አወጣሁና ጻፍሁ። የተወለድሁት ወገራ ውስጥ ዳባት አጠገብ ነው። አባቴና እናቴ ገበሬዎች ናቸው። በዘጠኝ ዓመቴ ትምህርት ጀመርሁ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

አለቀ። ፊደሉን አተልቄ፣ መስመሩን አራርቄ እንደገና ጻፍሁት፤ የገጹን ግማሽ እንኳ አልሞላም። አክስቴ ማንበብ አትችልም፤ ባዶ ወረቀት ግን ማንም ያያል።

“ይህ ነጩስ?” አለች በጣቷ እያሳየች።

“እዚህ ላይ የምጽፈው የለኝም።”

“ባዶ ወረቀት ይዘሽማ ሰው ፊት አትቀርቢም።”

በማግስቱ ጃንተከል ዋርካ ሥር ወደሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ይዛኝ ሄደች። ሽማግሌ ነው፤ ሣጥን ገልብጦ ጠረጴዛ አድርጎታል፤ አጠገቡ የቀለም ጠርሙስና ጥቁር ጃንጥላ አለ። እጁ እንደ ማተሚያ ነው ይባልለት ነበር፤ እውነትም ነው። ብዕሩን ከቀለሙ ነክሮ ይጠይቀኝ ጀመር።

“ስንት ዓመት ሠርተሻል?”

“ምንም።”

“በፈቃድሽ ያገለገልሽበት ቦታስ?”

“የለም።”

“አባት?”

“አለ። ገበሬ ነው።”

ብዕሩን አስቀመጠና አዘነልኝ። ጨው እንኳ ሳልይዝ ወጥ ሥራልኝ ያልሁት ነው የመሰለኝ። “ገበሬ” አለ ለራሱ። ቀጥሎ “እሽ። ተይው፣ እኔ አውቃለሁ” አለና አጎንብሶ መጻፍ ጀመረ።

ሁለት ሙሉ ገጽ ጻፈ። ቀለሙ ሲደርቅ መግቢያውን ብቻ ጮክ ብሎ አነበበልን፤ “ጌታዬ ሆይ፣ እኔ ምስኪኗ አገልጋይዎ ከእግርዎ ሥር ወድቄ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ” ይላል። አክስቴ ዓይኗ እንባ ሞላ። የመጨረሻውን ገጽ አዞረልኝና “እዚህ ላይ” አለ፤ መዳፉ ጽሑፉን ሸፍኖታል። ከትምህርት ቤት ውጭ ስፈርም የመጀመሪያዬ ስለነበር ሐሳቤ ሁሉ ፊርማዬ እንዲያምር ነበር። ወዲያው ቴምብር ለጠፈ፣ ፖስታው ውስጥ ከተተ፣ በሙጫ አሸገ። “እንዳትከፍችው። የታሸገ ነገር ያስከብራል።” አልከፈትሁትም። ማንበብ የምችል ሰው ሆኜ አልከፈትሁትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለቃል ፈተና የሚቀርቡት ሰዎች ስም ዝርዝር ወጣ፤ ስሜ አለበት። ከዋስ ጋር ቅረቡ ስለሚል ከቅዳሜ ገበያ ወደ ዳባት በሚመለስ የአገራችን ሰው ለአባቴ ላክሁበት። አባቴ በጭነት ማኪና መጣ። ጋቢው ታጥቧል፤ ለዋስትና ይሆናል ብሎ የመሬት ግብር ደረሰኙን በጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዟል።

ሐኪም ቤቱ ግቢ ስንደርስ አባቴ ከባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ እኔ ከሌሎች ስምንት አመልካቾች ጋር ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተሰለፍሁ። ከእኔ ሌላ ሴት አንዲት ብቻ ነበረች። ተራዬ ሲደርስ ገባሁ። ከጠረጴዛው ኋላ የጽሕፈት ቤቱ ሹም ተቀምጧል፤ ፀጉሩ ሸበት ያለ፣ ድምፁ የደከመ ሰው ነው። ከጎኑ ነጭ የለበሰች ነርስ አለች። ሹሙ ማመልከቻዬን ከፊቱ ዘርግቶ ትንሽ አየኝና ጠየቀኝ።

“አባትሽ የወደቁት የት ነው?”

ደነገጥሁ። ጠዋት ከጭነት ማኪናው ሲወርድ እግሩ ተንሸራቶ ነበር።

“ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ነበር፣ ጌታዬ! ምን አገኘው?”

ሹሙና ነርሷ ተያዩ። ሹሙ ወረቀቱን አነሳና ቀስ ብሎ አነበበልኝ። “‘አባቴ በጠላት ወረራ ዘመን ስለ ንጉሠ ነገሥታቸውና ስለ አገራቸው ሲዋጉ በክብር ወድቀው፣ እኔም ያላሳዳጊ ቀርቼ፣ በሚስዮን ሐኪም ቤት ሁለት ዓመት በቅንነት ሳገለግል ቆይቼ...’ ይህ የማን ነው?”

“ፊርማው የእኔ ነው” አልሁ።

“ጽሕፈቱስ?”

“የእኔ አይደለም።”

ከጎኑ ካለው ክምር ሌሎች ሁለት ወረቀቶች መዝዞ ከእኔው አጠገብ ደረደራቸው። የሦስቱም እጅ አንድ ነው። ቴምብሩ ሳይቀር አንድ ቦታ ላይ ተለጥፏል። “ዛሬ ከቀረባችሁት የሦስታችሁ አባት ወድቋል” አለ። “ሦስታችሁም ሚስዮን ቤት ሁለት ዓመት ሠርታችኋል።” ነርሷ አፏን በእጇ ሸፈነች። እሱ ግን አልሳቀም።

“ዋስሽ ማን ነው?”

ሌላ ምን እላለሁ? “አባቴ ነው፣ ጌታዬ።”

ዘበኛው ተላከ። በመስኮቱ በኩል “አያ፣ ይግቡ፤ ይፈለጋሉ” ሲል ሰማሁት። አባቴ ገባ፣ እጅ ነሣ፣ የሚፈለገው ዋስትናው መስሎት ጨርቁን መፍታት ጀመረ።

“ቆይ፣ ይቆዩ” አለ ሹሙ። “የዚች ልጅ አባት ነዎት?”

“ነኝ፣ ጌታዬ።”

“ልጅዎ ሞተዋል ብላ ጽፋለች።”

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ሲቆጣ የማየው ፊቱን ስጠብቅ ነበር፤ የተቆጣ አይመስልም። “ምነው?” አለ ብቻ።

እየተንተባተብሁ ነገርኋቸው፤ ጃንተከልን፣ መዳፉን፣ ሙጫውን። ሹሙ እስክጨርስ ጠበቀኝና ጥያቄውን ወደ አባቴ አዞረ።

“ለመሆኑ አርበኛ ነበሩ?”

አባቴ አዎ ቢል ማንም አይመረምረውም ነበር። ያን ጊዜ አርበኛ ነበርሁ የማይል ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር፤ ነበርሁ ያለ ሰው ደግሞ ልጁ በሩን አልፋ ትገባለች። ልቤ “በል፣ በል” ይለዋል።

“አልነበርሁም፣ ጌታዬ” አለ አባቴ። “ሊማሊሞ ላይ መንገድ ስቆፍር ነበርሁ።”

“ለጣሊያን?”

“ለጣሊያን። ሁለት ዓመት። ጎረቤቶቼ ጫካ ገቡ፣ እኔ ፈራሁ። አዲስ ጎጆ ወጪ ነበርሁ፤ ዱቄት ይሰጡን ነበር።” ጨርቁን መልሶ ጠቀለለው። “ልጅቱን በዚህ አይያዙብኝ። ያን ጊዜ አልተወለደችም።”

እኔ ይህን ሰምቼ አላውቅም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ቤታችን ውስጥ አንድም ቀን አልተነሣም። ሹሙ ራሱ አርበኛ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የዚያን ዕለት ግን አባቴን ረዥም ጊዜ አየው። በኋላ “ይቀመጡ” አለውና ለእኔ አንድ ነጭ ወረቀት ገፋልኝ።

“የራስሽን ጻፊ። እዚሁ።”

የመጀመሪያውን መስመር አበላሸሁት። ነርሷ ሌላ ወረቀት ሰጠችኝ። እነዚያኑ አምስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፍሁና ስድስተኛ ጨመርሁ፤ ከዚህ በፊት ያቀረብሁትን ማመልከቻ የፈረምሁት ሳላነብ ነው። ሹሙ አነበበና ለነርሷ አሳለፈላት። “ጽሕፈቷ ይነበባል” አለች እሷ። ሹሙ “ሂጂ፤ ማስታወቂያ ይወጣል” ብሎ የሚቀጥለውን አስጠራ።

ከአባቴ ጋር እስከ ፒያሳ ሄድን። አንድ ሻይ ቤት ገባንና ብርጭቆው እስኪበርድ ሁለታችንም አልጠጣንም።

“አባዬ፣ ይቅር በለኝ።”

“አንቺ አልጻፍሽው።”

“ፈርሜያለሁ።”

“እሱስ ፈርመሻል።” አንድ ጊዜ ፉት አለ። “ሥራው ባይሆን ሌላ ትጽፊያለሽ።”

“ሽማግሌ ቢመጣስ?”

“ይምጣ። እኔ እንደሁ ሞቻለሁ። ሙት ሽማግሌ ይቀበላል?”

ሳቅሁ፤ እሱም ፊቱ ፈታ አለ። ያን ጊዜ ነው ስለ መንገዱ ለመጠየቅ ድፍረት ያገኘሁት። ብዙ አላወራም። ድንጋይ ተሸክሞ ከገደሉ አፋፍ እስከ አፋፍ ሲመላለስ ይውል እንደነበር፣ አንድ የመንደራችን ሰው ከነሸክሙ ገደል ገብቶ ሬሳውን ለማውጣት ሙሉ ቀን እንደፈጀባቸው ነገረኝ።

“እናቴ ታውቃለች?”

“ዱቄቱን የጋገረችው እሷ አይደለችም?”

ያን ዕለት ከሰዓት ወደ ዳባት የሚሄድ ማኪና አገኘና ተሳፈረ።

አክስቴ ግን ነገሩን በዚህ አልተወችውም። በማግስቱ ጃንተከል ወርዳ ማመልከቻ ጸሐፊውን ሰው ፊት አዋረደችው። እሱ አላፈረም። “ሥራ እንድታገኝ ብዬ ነው የጻፍሁት” አላት። “አባቷን ይዛ ሂጂ ያላት ማን ነው?”

ከአሥር ቀን በኋላ ዝርዝሩ ወጣ። ሥራውን ያገኘው ማመልከቻቸው ከእኔው ጋር አንድ ከነበረው ከሁለቱ ልጆች አንዱ፣ አብሮን አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ልጅ ነው። እውነቱን ለመናገር በአባቴ ተናደድሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ፣ እንጨት ስፈልጥ፣ ውኃ ስቀዳ፣ “አዎ ነበርሁ ቢል ምን ነበረበት?” እያልሁ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትሁ። ለአክስቴ አልነገርኋትም፤ ታናሽ ወንድሟ ነውና ትቆጣለች። የዚያ ልጅ አባት እውነትም አርበኛ ሆኖ መሞቱን የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሚስዮን ቤትም ሁለት ዓመት ሠርቷል። ማመልከቻ ጸሐፊው መጀመሪያ የጻፈው የልጁን እውነተኛ ታሪክ ኖሯል፤ ስላማረው ለእኛም ቀዳልን። ይህን ስሰማ ያ ሁሉ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። የቀረኝ እፍረት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ማመልከቻዬን ራሴ እጽፍ ጀመር። መግቢያውን ከጃንተከሉ ሽማግሌ ወሰድሁ፣ አጭር አድርጌ፤ ሌላው የራሴ ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት አስገባሁ፤ ልምድ የላትም ተብሎ ተመለሰ። ፒያሳ ያለ አንድ ትልቅ ሱቅ ጸሐፊ ይፈልጋል ሲባል ሄድሁ፤ ባለሱቁ ወረቀቱን ሳያነብ ወንድ ነው የምፈልገው አለኝ። ሌላ ቦታ ደግሞ የተቀበለኝ ሰው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ አሁንም እዚያው ሳይኖር አይቀርም።

ጥቅምት ላይ የአክስቴ ጎረቤት፣ ማዘጋጃ ቤት የምትሠራ አንዲት ጸሐፊ ወልዳ እንደተኛች፣ እስክትመለስ ደብዳቤ የሚገለብጥ ሰው እንደሚፈለግ ነገረችን። ማስታወቂያም አልወጣም። ወረቀቴን ይዤ ሄድሁ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ወፍራም፣ ቸኳይ ሰውዬ ነው፤ ቆሞ አነበበው። ለማንበብ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም።

“ልምድ የለሽም።”

“የለኝም።”

“ይህን ራስሽ ነሽ የጻፍሽው?”

“እኔ ነኝ።”

“ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ነይ። ብዕርሽን ይዘሽ ነይ፤ የቢሮው ብዕር ቀለም ያንጠባጥባል።”

በነገታው ከሁለት ሰዓት በፊት ደረስሁና ዘበኛው በሩን እስኪከፍት ውጭ ቆምሁ። የተሰጠኝ ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነበር። ጠረጴዛው ላይ የደብዳቤ ክምር ተቀምጧል፤ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጊዜ ይገለበጣል። የመጀመሪያው ስለ አንድ አጥር ክርክር ነው፣ ሁለተኛው ስለ ቄራ። አሁን ማንኛውንም ወረቀት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳላነብ ስለማልጀምር ሥራዬ አዝጋሚ ነበር፤ ኃላፊው ሁለት ጊዜ መጥቶ ከትከሻዬ በላይ አይቶ ሄደ። እስከ እኩለ ቀን አሥራ አንድ ደብዳቤ ገለበጥሁ። ጣቶቼ ደንዝዘው ብዕሩን ለማስቀመጥ በሌላው እጄ ማላቀቅ ነበረብኝ። ኃላፊው ክምሩን አንሥቶ አንድ በአንድ አገላበጠና “ከሰዓት ደግሞ ያኛውን” ብሎ በጣቱ መደርደሪያውን አሳየኝ።