ብቻውን የሚበላው ሰውዬ

ዛሬ ቡራዩ እንግሊዝኛ ከማስተምራቸው ጀማሪዎች አንዱ፣ የእህል ነጋዴው ኦቦ ቶለሳ፣ መጽሐፉን ጥርቅም አድርገው ዘግተው "ይሄንንስ አላነብም" አሉኝ።

ትምህርቱ ስለ ምግብ ነው። መጽሐፉ ላይ አንዱ ሰውዬ ምሳውን ይበላል፣ ሌላው አጠገቡ ቆሞ "ምን እየበላህ ነው?" ይለዋል። "ሩዝና ዓሣ።" አለቀ።

"እንብላ አይለውም እንዴ? እኔ ሰው አቁሜ ብቻዬን አልበላም፣ በእንግሊዝኛም ቢሆን!"

"እንግዲያው እርስዎ ይጋብዙ" አልኳቸው።

"ካም፣ ኢት!" አሉ። የቆመውን ሰው ሆና የምታነበው አልማዝ "ኖ፣ ታንክ ዩ!" አለች። ደንብ ነዋ፣ መጀመሪያ እምቢ ይባላል።

"ፕሊስ!"

"ኖ፣ አይ ኢት!"

"ስሞል! ፕሊስ!"

ክፍሉ በሙሉ "ፕሊስ፣ ፕሊስ" እያለ ለመናት። እኒህ እኮ ለሳምንታት አንድ ቃል ለማናገር ስታገላቸው የከረምኩ ሰዎች ናቸው! (በመስኮት ያየን ሰው ሠርግ ቤት ያለን ይመስለዋል።)

ከዛሬ ጀምሮ እኔ የማስተምረው እንደዚህ ነው። መጽሐፉ ከፈለገ ይቀየመኝ።

ትምህርት አልቆ ሁሉም ከወጣ በኋላ የምሳ ዕቃዬን ከፍቼ ሽሮዬን ስጀምር፣ አልማዝ የረሳችውን ጃንጥላ ልትወስድ ተመለሰች።

"ነይ እንብላ" አልኳት።

"ቲቸር፣ በእንግሊዝኛ!"

"ካም፣ ኢት!"

"ኖ፣ ታንክ ዩ" አለችና እጇን ልትታጠብ ወጣች።

እናንተስ? "በልቻለሁ" ብላችሁ ምላችሁ ተገዝታችሁ የሰው ምሳ የጨረሳችሁበት ቀን የለም? እስቲ አውጡት።