ድብ ባሕር ላይ ያልተነበቡት ፋይሎች

ወይዘሪት ኩልሱም ጎንደር አራዳ አጠገብ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለአሥራ አራት ዓመታት የጽሕፈት ሥራ ሠርታለች። ወንድሞቿ ንግዳቸውን ይዘው ወደ መተማ ከሄዱ ቆይተዋል፤ እናቷ ከሞተች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረችው እርሷ ብቻ ናት። የመመረቂያ ጽሑፌን የተየበችልኝም እርሷ ነበረች። ይህን ታሪክ የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው፤ እንደ ነገረችኝ አድርጌ መጻፌን ግን እጠራጠራለሁ።

ደንበኞቿ ብዙ ነበሩ፤ አረፍ ብላ የምታጫውታት ግን አንዲት ብቻ ነበረች፤ ከጎንደር ርቃ በምትገኘው በድብ ባሕር ከተማ የምታስተምረው ዝማሬ። ዝማሬ በየመንፈቁ የፈተና ጥያቄዎቿን በእጅ ጽፋ ታመጣለች። ኩልሱም ስትተይብ አጠገቧ ተቀምጣ ታነብላታለች፤ በመካከሉ ሻይ ያስመጣሉ፤ የመጨረሻው መኪና ሊወጣ ሲል እየሮጠች ትሄዳለች። ኩልሱም ያን ቀን ከሳምንታት አስቀድማ ትጠብቀው ነበር።

በ2006 ዓ.ም. የዝማሬ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተርና ማተሚያ አገኘ። ኩልሱም ፋይሎችን በኢንተርኔት ማስቀመጥ ተምራ ስለ ነበር የዝማሬን የአምስት ዓመት ፈተናዎች በአንድ ፎልደር ጭና ሊንኩን ላከችላት። በማግስቱ ስልክ ተደወለ።

«እትዬ ኩልሱም፣ ምንድን ነው የላክሽልኝ? አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም እኮ! ልጆቹን በዚህ ብፈትናቸው ሁሉም እኩል ይወድቁልኝ ነበር።»

ኩልሱም ሳቀች፤ ምክንያቱንም ወዲያው ዐወቀችው። ትተይብ የነበረው በእርሷ ኮምፒዩተር ላይ በተጫነ የድሮ የግእዝ ፊደል ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ በሌለበት ማሽን ጽሑፉ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። መፍትሔው ሁሉንም በየትኛውም ማሽን ላይ በሚነበበው በአዲሱ የፊደል ፕሮግራም እንደገና መተየብ ነበር። ያለችው ግን ሌላ ነው።

«የኔትወርክ ነገር ይሆናል። ለምን ራስሽ አትመጪም? አትሜ እሰጥሻለሁ።»

ዝማሬ መጣች። በጥርም መጣች። በሦስተኛው፣ በሰኔ 2007፣ ስትገባ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር። ረመዳን ስለ ነበር ሻዩ የታዘዘው ለእርሷ ብቻ ነው።

«ምነው እትዬ፣ ይኸ ኔትወርክ እኔን ብቻ ነው እንዴ የሚጠላው? መኪናው ኮሶዬ ላይ ተበላሽቶ አራት ሰዓት ሙሉ ቆምን። ዛሬ እኮ ልጆቹን የማስከልስበት የመጨረሻው ቀን ነበር።»

ቁጣ አልነበረባትም፤ የቀሚሷን ጫፍ እየጠረገች ነው የተናገረችው። ኩልሱም እውነቱን ልትነግራት አፏን ከፈተች፤ ወጥቶ የተሰማው ግን «እስከ መስከረም አስተካክለዋለሁ» የሚል ብቻ ነበር።

ክረምቱን ሙሉ መቶ ሰማንያ ገጽ እንደገና ተየበች። መስከረም ላይ ስትጭነው ዝማሬ ደወለች።

«አሁንማ ሸጋ ሆኖ ይነበባል! ከዚሁ ሆኜ ማረምም እችላለሁ። ከእንግዲህ አላስቸግርሽም።»

«ምን አስቸገርሽኝ» አለች ኩልሱም።

ጥር ላይ ዝማሬ አልመጣችም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኩልሱም ፎልደሩን ከፍታ የሰባተኛ ክፍል የአማርኛ ፈተና ውስጥ ስትገባ የዝማሬን ስም አየች፤ ዝማሬ ያንኑ ሰነድ ድብ ባሕር ሆና እያረመችው ነበር። ስሟን የተሸከመችው ባለቀለም ጠቋሚ ከቃል ወደ ቃል ትሄዳለች፤ አንዱን ታጠፋለች፤ እንደሚያስብ ሰው ትቆማለች፤ ሌላ ትጽፋለች።

ኩልሱም ብዙ ተመለከተች። ከመጨረሻው ጥያቄ ሥር «እንደምን ከረምሽ?» ብላ ጻፈች። ወዲያው ደግሞ ሳይታይ ታትሞ ለተማሪዎቹ ቢታደልስ ብላ ፈራችና አንድ በአንድ አጠፋችው። ጠቋሚዋ ያን ጊዜ አራተኛው ጥያቄ ላይ ነበረች።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ አሥራ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ የዝማሬ ስም ከማያ ገጹ ጠፋ።